እንቆቅልሽና ሴራ፦ «ፕሮፌሰር ሌይተንና እንግዳይቱ መንደር» ሲመረመር

በሥነ ቃል ትምህርት እንቆቅልሽና ተረት ለየብቻ ይመደባሉ። ሁለቱም ምሽት ላይ፣ ምድጃ ዳር የሚነገሩ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጨዋታ ላይ የሚፈራረቁ ቢሆኑም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ተረት ከአንድ ሁኔታ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሄድ ድርጊት አለው፤ እንቆቅልሽ ጥያቄና መልስ እንጂ ድርጊት የለውም። መልሱ ሲገኝ እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው እንቆቅልሽም ከፊተኛው ጋር ዝምድና ሊኖረው ግድ አይደለም፤ ስለ ጥርስ ከተጠየቀ በኋላ ስለ ጥላ ቢጠየቅ «ምን አገናኘው?» የሚል የለም። እንግዲህ አንድ ደራሲ ከመቶ የሚበልጡ እንቆቅልሾችን በአንድ ታሪክ ውስጥ ላስገባ ብሎ ቢነሣ፣ በየእርምጃው የሚቆም ታሪክና በየእርምጃው ታሪክን የሚያቋርጥ ጥያቄ በእጁ ይቀራሉ። ሁለቱን ምን ያስተሳስራቸዋል?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ መጽሐፍ ሳይሆን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። «ፕሮፌሰር ሌይተንና እንግዳይቱ መንደር» የተባለውን ይህን ሥራ ሌቭል ፋይቭ የተሰኘው የጃፓን ኩባንያ አዘጋጅቶ፣ በእጅ ለሚያዘው የኒንቴንዶ ዲኤስ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን አወጣው። በዓመቱ፣ በ2008፣ የእንግሊዝኛው እትም በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ለገበያ ቀረበ፤ በ2018 ደግሞ ለእጅ ስልክ እንዲስማማ ሆኖ እንደገና ወጣ። እኔ ያገኘሁት በእህቴ ልጅ በኩል ነው። መሣሪያውን ለሁለት ሳምንት ብሎ አዋሰኝና ለሁለት ወር ያህል ሳልመልስለት ቀረሁ። ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፦ ሥራው ገጸ ባሕርያት፣ መቼት፣ ሴራና ልብ ሰቀላ አለው፤ ዋናው ችግሩም የአተራረክ ችግር ነው። የሚቀጥለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ። ምስጢሩን ሳልገልጥ ስለ ሥራው ቁም ነገር መናገር አልችልም። ጨዋታውን ሊጫወተው የሚያስብ ካለ ይህን ጽሑፍ አቆይቶ ቢያነብበው ይሻላል።

ባሮን ኦገስተስ ራይንሆልድ የተባለ ባለጸጋ ሞቷል። በኑዛዜው፣ በሴንት ሚስቲየር መንደር የተደበቀውን «ወርቃማውን ፖም» ያገኘ ሀብቴን ይውረስ ብሏል፤ ወርቃማው ፖም ምን እንደ ሆነ ግን አልተናገረም። መበለቲቱ ሌዲ ዳሊያ የአርኪዮሎጂ ምሁሩን ፕሮፌሰር ኸርሸል ሌይተንን በደብዳቤ ትጠራለች። ረጅም ቆብ ከራሱ የማይለየው ሌይተንና የደቀ መዝሙርነትን ማዕርግ ለራሱ የሰጠው ታዳጊው ሉክ በመኪና ወደ መንደሩ ይመጣሉ። ገና ከመግባታቸው ሁለት ነገር ያስተውላሉ። አንደኛው፣ በመንደሩ ዳር ማንም የማይደርስበት ግንብ አለ፤ ሌሊት ሌሊት ድምፅ ይሰማበታል። ሁለተኛው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ እንቆቅልሽ ይወዳል። ባለ ሱቁም፣ በር ጠባቂውም፣ መንገድ ላይ የቆመው ሽማግሌም ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ አስቀድመው እንቆቅልሽ ያቀርባሉ። በዚህ መካከል የባሮኑ የወንድም ልጅ ሳይመን ሞቶ ይገኛል፤ ራሞን የተባለው አሽከር ይሰወራል፤ ኢንስፔክተር ቸልሚ የሚባል መርማሪ መጥቶ ጥርጣሬውን በሌይተን ላይ ያሳርፋል። አንባቢ እንደሚያየው፣ የቤት ዕቃው ሁሉ ከእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለድ የተወረሰ ነው፦ ትልቅ ቤት፣ ኑዛዜ፣ ወራሾች፣ ሬሳ፣ መርማሪ። የሥራው አዘጋጆች ጃፓናውያን መሆናቸው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ጃፓን የመርማሪ ልብ ወለድን ከተቀበለች ቆይታለች።

እንቆቅልሾቹ ግን የመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነው። በቺባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ፕሮፌሰር የነበሩትና በ2016 ያረፉት አኪራ ታጎ፣ ከ1966 ጀምሮ «አታማ ኖ ታይሶ» በሚል ርእስ ተከታታይ የእንቆቅልሽ መጻሕፍት አሳትመው ነበር። ትርጉሙ «የጭንቅላት ጂምናስቲክ» እንደ ማለት ነው። የሌቭል ፋይቭ መሥራች አኪሂሮ ሂኖ ከልጅነታቸው ጀምሮ የእነዚህ መጻሕፍት ወዳጅ ስለ ነበሩ፣ የአእምሮ ማሠልጠኛ የሚባሉ ጨዋታዎች በጃፓን ገበያ በደሩበት በዚያ ወቅት ታጎን ለምነው አብረው ሠሩ። እንግዲህ የትውልዱን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። አስቀድሞ የነበረው እንቆቅልሹ ነው፤ ታሪኩ የመጣው እንቆቅልሹን ለመሸከም ነው። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ከታጎም ይቀድማሉ። ሦስት ተኩላዎችንና ሦስት ጫጩቶችን ሁለት ብቻ በሚይዝ ታንኳ፣ በየትኛውም ዳር ተኩላ ከጫጩት እንዳይበዛ አድርጎ ማሻገር የሚለው ጥያቄ፣ ዘመዱ በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ዓመት መካከል ለኖረው ለአልኩዊን በሚሰጠው የላቲን የጥያቄ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ያሉት ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ናቸው። በእኛ ዘንድ ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ሆነው ልጆች ሁሉ ያውቋቸዋል። ባለ 8 ማሠሮ የሞላውን ጭማቂ ባለ 5 እና ባለ 3 ማሠሮዎችን ብቻ ተጠቅሞ አራት አራት አድርጎ ማካፈልም እንዲሁ የቆየ ጥያቄ ነው።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልበል፤ ፍሬ ነገሩ ከቅርጹ አይለይምና። መሣሪያው እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ሲሆን አንዱ ስክሪን ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው። የታችኛው በጣት ወይም ስታይለስ በምትባል የብዕር ቅርጽ ባላት ዘንግ ይነካል። እንቆቅልሽ ሲመጣ ጥያቄው ከላይ ይጻፋል፤ ከታች ሥዕሉ ይቀርብና ተጫዋቹ መልሱን በእጁ ይጽፋል ወይም ያከብባል። ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ ፒካራት የሚባል ዋጋ ተሰጥቶታል፤ ተጫዋቹ በተሳሳተ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። የጨነቀው ሰው ፍንጭ ይገዛል። ለአንድ እንቆቅልሽ ሦስት ፍንጭ አለ፤ የእያንዳንዱ ዋጋ አንድ የፍንጭ ሳንቲም ነው። ሳንቲሞቹ በየሥዕሉ ውስጥ፣ በመብራቱ ሥር፣ በመስኮቱ ጥግ፣ በበርሜሉ ላይ ተደብቀዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ቤቱን፣ ግድግዳውን፣ ሰማዩን ሳይቀር በስታይለስ እየነካካ መንደሩን ይዳስሳል። ገለጻን ዘልሎ ማለፍ የለመደውን አንባቢ እያንዳንዱን የመቼት ዝርዝር እንዲያይ ማስገደድ የመሰለ ብልሃት በጽሑፍ ሥራ አላየሁም። ተማሪዎቼ ረጅም ልብ ወለድ ሲያነቡ ገለጻውን እንዴት እንደሚያልፉት ስለማውቅ፣ በዚህ ነገር ትንሽ ቀንቻለሁ።

አንድ ልዩነት ግን ከራሳችን እንቆቅልሽ ጋር ሳስተያይ ታይቶኛል። በእኛ ሥርዓት «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባልና አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ ጥቂት ከፎከረ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ያላወቀ ይከፍላል፤ ነገር ግን ከማወቅ አይከለከልም። በሴንት ሚስቲየር አገር መስጠት የለም። ሦስቱም ፍንጭ ተገዝቶ ያልገባው ሰው መልሱን የሚነግረው አያገኝም፤ ትቶት መሄድ ወይም ተመልሶ መምጣት ብቻ ነው። ሳይፈቱ ወደ ኋላ የቀሩትንም አንዲት አሮጊት ሰብስባ በጎጆዋ ታስቀምጥለታለች። የእኛ እንቆቅልሽ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ዝምድና ሲሆን፣ ይህኛው ፈተና ነው። ቃሉን ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ጨዋታውን ከሚነቅፉት መካከል ብዙዎቹ የሚሰነዝሩት ወቀሳ፣ እንቆቅልሾቹ በታሪኩ ላይ የተለጠፉ ናቸው የሚል ነው። ወቀሳው መሠረት አለው። ሌይተን ስለ ተሰወረው አሽከር ሊጠይቅ አንድ ሰው ዘንድ ይሄዳል፤ ሰውዬው ስለ አሽከሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ሻማ ይጠይቀዋል። አሥር ሻማ በርቶ ነበር፤ ነፋስ ሁለቱን አጠፋ፤ ቆይቶ አንዱን ደገመ፤ መስኮቱ ተዘጋና ከዚያ ወዲያ የጠፋ የለም፤ በመጨረሻ ስንት ሻማ ይቀራል? መልሱ ሦስት ነው፤ የጠፉት ሳይነድዱ ሲቀሩ ሰባቱ ነድደው ያልቃሉና። ጥሩ እንቆቅልሽ ነው። «ይቀራል» በሚለው ቃል ላይ የቆመ ስለሆነም ከሒሳቡ ይልቅ ቃሉን የሚያዳምጥ ሰው ያገኘዋል። ከአሽከሩ መሰወር ጋር ግን ምን አገናኘው? ምንም። ሩሲያዊው ቦሪስ ቶማሼቭስኪ በ1925 ባሳተመው የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ፣ ወደ አንድ ሥራ የሚገባ ነገር ሁሉ የሚገባበት ሰበብ ሊኖረው ይገባል ብሎ፣ ሰበቦችንም በዓይነት ከፋፍሏል። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ሻማው ሰበብ የለሽ ነው። ሥራው እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ እንዲህ ያሉ ሰበብ የለሽ ጥያቄዎች የሚደረደሩበት መስሎ ይታያል። ሉክም ሆነ ተጫዋቹ «ይህ መንደር ምን ነክቶታል?» እያሉ ይቀጥላሉ።

መልሱ በመጨረሻ ይመጣል። የመንደሩ ነዋሪዎች ሰዎች አይደሉም። ባሮኑ ብሩኖ በተባለ ባለሙያ ያሠራቸው ሮቦቶች ናቸው። የተሠሩትም ወደ መንደሩ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ በእንቆቅልሽ እየፈተኑ፣ ለወርቃማው ፖም የሚበቃ አእምሮ ያለው ሰው መኖሩን እንዲለዩ ነው። ሌሊት ሌሊት የሚሰማው ድምፅ፣ የሚበላሹትን በግንቡ ውስጥ የሚጠግናቸው የብሩኖ ነው። አሽከሩም የተሰወረው ሊጠገን ተወስዶ ነው፤ ሳይመንም አልተገደለም፤ ተበላሸ እንጂ።

ይህ ፍቺ ለምን እንደሚያስደስት ማስረዳት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ የአዘጋጆቹን ጉድለት እንደ መታገሥ አድርጎ ያለፈው ነገር ሁሉ፣ በድንገት የታሪኩ ፍንጭ ሆኖ ይገኛል። ባለ ሱቁ ያለ ሰበብ እንቆቅልሽ የጠየቀው ደራሲው ስለ ሰነፈ ሳይሆን ባለ ሱቁ ለዚያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ነው። የቅርጹ ነውር የይዘቱ ምስጢር ሆነ ማለት ነው። ቶዶሮቭ በ1966 ስለ መርማሪ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ሁለት ታሪኮች አሉት፤ አንዱ የወንጀሉ፣ ሁለተኛው የምርመራው ነው ብሏል። እዚህ ላይ ምርመራው ራሱ፣ ማለትም መጠየቅና መመለሱ፣ የመጀመሪያው ታሪክ አካል ሆኖ ቆይቷል። መርማሪው ሲመረምር እየተመረመረ ነበር።

የቋንቋ ነገርም አለበት። በጃፓንኛ «ናዞ» የሚለው ቃል ለእንቆቅልሽም፣ ላልተፈታ ምስጢርም ያገለግላል። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ጃፓናዊው ተጫዋች የሻማውን ጥያቄ ሲፈታም ሆነ የግንቡን ምስጢር ሲፈታ የሚፈታው ናዞ ነው። እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል ስለሚጠቀም፣ ጥያቄው በአንድ ወገን፣ ምስጢሩ በሌላ ወገን ቆሞ ይታያል። «የተለጠፈ» የሚለው ወቀሳ በእንግሊዝኛው አንባቢ ዘንድ መበርታቱ በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አማርኛ ከጃፓንኛው ወገን ነው። «የግድያው እንቆቅልሽ አልተፈታም» ስንል የልጆቹን ጨዋታ ቃል እየተዋስን መሆኑን እንኳ አናስተውልም። ሥራው የተሰፋበት ክር ይህ የቃሉ ሁለትነት ነው፤ እኛ ክሩን በቀላሉ እናየዋለን።

ነገር ግን ፍቺውን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አይገባም። ሮቦቶቹ መንደሩ ለምን እንደሚጠይቅ ያስረዳሉ እንጂ፣ ለምን ስለ ሻማ እንደሚጠይቅ አያስረዱም። በዚያ ቦታ ሻማውን አንሥተን የጭማቂውን ማሠሮ ብንተካ ታሪኩ ቅንጣት አይጎድልበትም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ነው። ይህ እንቆቅልሽ ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ በካርታ ላይ መፈለግ ሲሆን፣ የሚቀርበው ገና በመኪናው ውስጥ፣ ማንም ሮቦት ሳይታይ ነው። ሌይተን ራሱም በየአጋጣሚው ያየው ነገር ሁሉ አንድ እንቆቅልሽ እንደሚያስታውሰው እየተናገረ ሉክን ይጠይቃል። ባሮኑ ሌይተንን አልሠራውም። በዚያው በ2007 መጨረሻ በጃፓን የወጣው ሁለተኛው የሌይተን ጨዋታ ደግሞ ታሪኩን በከፊል በባቡር ያስኬዳል፤ ተሳፋሪዎቹ የሥጋና የደም ሰዎች ሲሆኑ እነርሱም እንዲሁ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ። እንግዲያው ሰበቡ የሠራው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የዘርፉን ልማድ ስለተቀበለ ሰበብ አልጠየቀም። ይህን የምለው የመጀመሪያውን ሥራ ዋጋ ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ከተከታዮቹ ተለይቶ መመርመር የሚገባው፣ ሰበብ ፍለጋ የተጨነቀው እርሱ ስለሆነ ነው።

ፍቺው ደግሞ ያስከፈለው ዋጋ አለ። ዋጋውን ለማሳየት «እየሰመጠች ያለች መርከብ» ስለምትገኝበት እንቆቅልሽ ላውሳ። መርከቢቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ትሰምጣለች። የተሳፈሩት 15 ሰዎች ናቸው። ያለችው አንዲት ታንኳ አምስት ሰው ትይዛለች፤ ወደ ደሴቱ ደርሳ ለመመለስ 9 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስንት ሰው ይድናል? ቸኩሎ «አሥራ አምስት» የሚል ሰው ታንኳይቱን የሚመልስ ቀዛፊ እንደሚያስፈልግ ረስቷል። መጀመሪያ አምስት ይሻገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ጉዞዎች አራት አራት፤ በድምሩ 13። ተጫዋቹ 13 ብሎ ይጽፋል፤ ደስ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፒካራቱ ይደመርለታል። ሁለቱ ሰዎች ሰመጡ። ስለ እነርሱ የሚያስብ የለም፤ ማሰብም አይጠበቅም። እንቆቅልሽ ሰውን ቁጥር ለማድረግ ፈቃድ ያለው ዘርፍ ነውና፤ በወንዙ ዳር የሚበሉት ጫጩቶችም እንዲሁ ናቸው። ትረካ ግን ይህ ፈቃድ የለውም። ሳይመን ሞቶ ሲገኝ ሥራው ከእንቆቅልሽ ወደ ትረካ ተሻግሮ ነበር፤ ሬሳ አለ፤ የተደናገጠ ቤተሰብ አለ፤ በሐሰት የተጠረጠረ ሰው አለ። ሳይመን ማሽን ነበር ሲባል ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሰረዛል። የሐዘኑ ባለቤቶችም ማሽኖች ናቸው። መርማሪው ቸልሚ እንኳ እውነተኛው ሆኖ አልተገኘም፤ ዶን ፓውሎ የተባለ የሌይተን ጠላት መልኩን ለውጦ ነው። የእንቆቅልሹን ሰበብ ለማግኘት ሲባል የመንደሩ ሰው ሁሉ እንደ መርከቢቱ ተሳፋሪዎች ሆነ።

እዚህ ላይ ብቆም ፍርዴ ከባድ በሆነ ነበር። ለሥራው ክብር የምሰጠው ከዚህ በኋላ በሚሆነው ነው።

በግንቡ አናት ላይ የተገኘችው ፍሎራ የምትባል ልጃገረድ ነች። የባሮኑ ልጅ ነች፤ ገላዋ ላይ የፖም ቅርጽ ያለው ምልክት አለ። ወርቃማው ፖም እርስዋ ነች። መንደርተኛው ሁሉ ፍሬ ወይም ዕንቁ እየመሰለው ሲፈልግ የኖረው ስም የሰው ስም ነበር። «ሰምና ወርቅ» ብዬ ለመጥራት ያምረኛል። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ኅብረ ቃሉ ውስጥ ሁለቱም ፍቺዎች አንድ ጊዜ ሊሰሙ ይገባል፤ እዚህ ወርቁ ከቃሉ አይወጣም፤ ምልክቱን ካላየነው አናገኘውም። ስለዚህ ከቅኔ ይልቅ ለእንቆቅልሽ ይቀርባል ብል ይሻላል። ምሥጢራዊው ምልክት ከተገለጠ በኋላ የባሮኑ ሀብት የተከማቸበት ክፍል ይከፈታል፤ ከሟቹ የተተወ የድምፅ መልእክትም ይሰማል። ሀብቱን መውሰድ ይቻላል፤ ከተወሰደ ግን የመንደሩ ሮቦቶች ሁሉ ሥራቸውን ያቆማሉ። ሀብቱም በቦታው እንዲቀር ይወሰናል። ፍሎራ ወርቁን ትታ ከሌይተንና ከሉክ ጋር ከመንደሩ ትወጣለች፤ ሮቦቶቹ በየበራቸው መኖራቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ትዕይንት ስመለከት ቀደም ያለውን ወቀሳዬን ላሻሽል ተገድጃለሁ። ሥራው ማሽኖች ናቸው ብሎ የሰረዛቸውን መልሶ አስቆጠራቸው። የሳይመን መበላሸት ሞት አይደለም ከተባለ፣ የመንደሩ ሁሉ መቆምስ ለምን ያሳስባል? ያሳስባል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ከባለ ሱቁ ጋር አውርቷል፤ የአሮጊቷን ጎጆ ያውቀዋል፤ ሲቆሙ ማየት አይፈልግም። እዚህ ላይ እንቆቅልሾቹ ራሳቸው ሌላ ሥራ ሠርተዋል። ስለ አሽከሩ ምንም ያልነገረን የሻማው ጥያቄ፣ ከጠያቂው ጋር ጥቂት ደቂቃ አስቀምጦናል። የተለጠፈ የመሰለን ነገር ዝምድና ሲሠራ ቆይቷል። እንዲያ ከሆነ «ፈተና» ያልሁት ነገር፣ ባሮኑ ፈተና አድርጎ ቢሠራውም፣ በተጫዋቹና በነዋሪዎቹ መካከል ወደ ምድጃ ዳሩ ጨዋታ ተጠግቷል ማለት ነው።

የማልስማማበት የፍሎራን አሳሳል ነው። ከመቶ በላይ እንቆቅልሽ በሚጠየቅበት፣ ጠያቂው ሁሉ ሮቦት በሆነበት ሥራ ውስጥ በመንደሩ የኖረች ሰው የምትባለው፣ ከብሩኖ በቀር፣ እርስዋ ብቻ ነች ለማለት ይቻላል። አባትዋ ግን የሰጣት ድርሻ የሽልማትን ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠይቅ እርስዋ ግንብ ውስጥ ትጠበቃለች። አባት ለልጁ የሚሆን ሰው በጥያቄ የሚመርጥበት ተረት በየአገሩ አለ፤ በብዙዎቹ ግን ልጅቱ ራስዋ ጠያቂ ናት፤ ወይም መልሱን ለወደደችው በምስጢር ትነግረዋለች። ፍሎራ ይህን ሥልጣን አላገኘችም። ባሮኑ አስተዋይ ጠባቂ እንዲያገኝላት አስቦ መንደር ሙሉ ጠያቂ ሲያሠራ፣ አንድ እንቆቅልሽ እንኳ በእጅዋ አላስቀመጠም። አዘጋጆቹም ይህን አላስተዋሉም። ወርቁን መተው የሥራው ታላቅ ድርጊት ሆኖ ሳለ በፊልም መልክ ያልፋል። ተጫዋቹ ስታይለሱን አስቀምጦ ይመለከታል እንጂ ምን ትላለህ አይባልም። ሰባት ሻማ ነድዶ ሲያልቅ ስንት ይቀራል ብሎ የጠየቀን ሥራ፣ ሀብቱ ይወሰድ ወይስ መንደሩ ይኑር የሚለውን ሳይጠይቀን ይመልስልናል። መሣሪያው አይችልም እንዳይባል፣ ጥያቄና መልስ ከእርሱ ሌላ ሥራ የለውም።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «እሷማ በሁለተኛው ላይ አለች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መሣሪያውን ያቆየሁበት ሁለተኛው ወርም የሄደው በዚያ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ሌይተንና ሉክ ለጉዞ ሲነሡ ፍሎራን ትተዋት ይሄዳሉ፤ እርስዋም በባቡሩ ተደብቃ ትከተላቸዋለች። በመንገድ ላይ ዶን ፓውሎ አንድ ጋጣ ውስጥ ይቆልፍባትና መልኩን ወደ እርስዋ ለውጦ ከሁለቱ ጋር ጉዞውን ይቀጥላል። እነርሱም ረጅም መንገድ ፍሎራ ናት ብለው አብረውት ይሄዳሉ።